ወንድም ሆባርት ያረመው መስመር

በኖቬምበር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዳርብ ፎርክ የድሮው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ዘፋኟ ኔቫ ኮምስ፤ ቫዮሊን የሚጫወትላት የአጎቷ ልጅ ታልማጅ፤ የሟች ወንድሟ ሚስት ሎሪን፤ በፊተኛው ረድፍ መካከል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው፣ በቤተ ክርስቲያን «ወንድም» የሚባለው ሆባርት ስሎን፤ ከእነሱም ኋላ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ የሸለቆው ሰው። ከሦስት መቶው እኩሌታው በቁጥር ሦስት የከሰል ጉድጓድ የሠራ ወይም እዚያ ያለቀ ዘመድ ያለው ነበር። የቀረው እኩሌታ፣ ታልማጅ እንደሚለው፣ የመጣው ለሎሪን የፖም ኬክ ነው።

ትርኢቱ በቀን የሆነው ሆባርት ከመሸ መኪና ስለማይነዳ ነው። ኔቫ ቀኑንም ሰዓቱንም የመረጠችው ለእሱ ብላ ነበር። ወንበሩንም ራሷ ናት የመረጠችለት፤ ወገቡን እንደሚያመው ሰምታ ትራስ ሳይቀር አድርጋበታለች። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይታሰብም። የሆባርትን ልማድ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አጥንታለች፤ ያጠናችው ግን በጥላቻ ነው።

ከሰል በሚቆፍረው ማሽን ላይ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ አለ። ሠራተኞቹ «አሽታቹ» ይሉታል። ጋዝ ሲበዛ ይጮኻል፤ ወዲያው ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። ማሽኑ ከቆመ ከሰል አይወጣም፤ ከሰል ካልወጣ ደግሞ የሚጠየቀው ፎርማኑ ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የቁጥር ሦስት ፎርማን ሆባርት ነበር። የኔቫ ወንድም ዴልማር ደግሞ በዚያ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር።

ዴልማር በሞተበት ሳምንት ኔቫ በየመጠጥ ቤቱ ከምትዘፍንበት ከሌክሲንግተን ለዴልማር ልደት መጥታ ነበር። ስጦታ ይዛ የመጣችው አንድ እሽግ የጊታር ክር ነው፤ ጥሩ የሚባለውን፣ የብረቱን። ዴልማር ከፈረቃ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ጓደኞቹ ሄዶ ስለሚጫወት እሽጉን የምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተው። ልደቱ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በእናታቸው ወጥ ቤት ቆሞ የበቆሎ ዳቦ በቅቤ እየበላ፣

«ሆባርት አሽታቹን እንዳይጮኽ አስተኝቶታል» አላት።

«እንዴት አድርጎ? በምን?»

«ማታ እነግርሻለሁ። አንቺማ ስትሰሚ ትስቂያለሽ» አለና የእናቱን ጉንጭ ስሞ ወጣ።

ማታ አልመጣም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተራራው ከውስጥ ፈነዳ። ዴልማርና ሦስት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ሆባርት ከፍንዳታው ሃያ ደቂቃ በፊት ስልክ ሊደውል ብሎ ወጥቶ ነበር። መርማሪዎች መጥተው ሲጠይቁት እጁን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኖ «እኔ ስወጣ አሽታቹ ደህና ይሠራ ነበር» አለ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ታሸገ፤ ማሽኑም ውስጡ ቀረ። ለሎሪን የደረሳት ከጉድጓዱ አፍ አቅራቢያ የተገኘው የምሳ ዕቃ ብቻ ነው። ውስጡ ያልተበላ ሳንድዊችና የተከፈተ የጊታር ክር እሽግ ነበር። ስድስት ክር ከነበረው እሽግ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ የለም። ሎሪን እሽጉን ለኔቫ ሰጠቻት። ኔቫም ያን ሰሞን ቀጭኑ ክር ተበጥሶበት ቀይሮት ይሆናል ብላ፣ የቀሩትን አምስቱን ሳትነካ የጊታሯ ሣጥን ውስጥ አኖረቻቸው።

ኔቫ የወንድሟን ቃል ለመርማሪዎቹ ተናገረች። «የሰማሽው ብቻ ነው፤ ያየሽው ነገር የለም» አሏት። ለሰዉም ተናገረች። ሰዉ ዝም አለ። ሆባርት እኮ ወንድም ሆባርት ነው።

በዳርብ ፎርክ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ አይነካም፤ የመዝሙር መጽሐፍም አይታደልም። አንድ አውራጅ ይነሣና መስመሩን በፍጥነት ያወርደዋል፤ ምእመናኑ ያችኑ መስመር ተቀብለው በዝግታ፣ እየጎተቱ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየጨመሩ ይዘምሯታል። ከዚያ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። በዚያ ቤት ያደገ ሰው መስመር ሲወርድለት አለመቀበል አይችልም። ዓለማዊ ሆኖ፣ ሰክሮ፣ ሃያ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ርቆም ቢሆን አፉ በራሱ ይከፈታል። ሆባርት የዚያ ቤት አውራጅ ሆኖ አርባ ዓመት አልፎታል። ሬሣ በሌለው የዴልማር ቀብር ላይም መዝሙሩን ያወረደው እሱ ነበር። የኔቫ እናት ከሆባርት አፍ መስመር እየተቀበለች ልጇን ቀበረች። ኔቫ ሊዋጥላት ያልቻለው ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው።

አምና እናትየዋ ሞተች። በቀብሯ ላይ መስመር ያወረደው አንድ ወጣት ነበር፤ ሆባርት ጉሮሮው ታሞ ተቀምጧል። ወጣቱ በሦስተኛው መስመር አንዲት ቃል ሳተ። ያን ጊዜ ሆባርት ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ዐይኑን እንደ ጨፈነ፣ በታመመ ጉሮሮው ትክክለኛዋን ቃል ከወጣቱ ድምፅ በላይ አሰማ። ሕዝቡም ወጣቱን ትቶ የሆባርትን ቃል ተቀበለ። ማንም አልተገረመም። ሆባርት ስህተት ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። ሰባኪውን ያርማል፤ የሬዲዮ ዜና ያርማል፤ «ሰማይ ቤት ሲገባ መላእክቱ ወዮላቸው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ሌላው ሲያለቅስ ኔቫ የእናቷን ሬሣ ሣጥን ጫፍ ይዛ ቆማ ያን ሰውዬ ታየው ነበር። አላለቀሰችም። ዘፈኑ የተጀመረው እዚያ ነው።

አልበሙን «ቁጥር ሦስት» አለችው። ጎማ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ጎማ ጠጋኙ ምሳ በወጣ ቁጥር እየተሯሯጡ፣ በአራት ቀን ቀዱት። አሥር ዘፈን አለው። ዘጠኙ በጊታር፣ በቫዮሊንና በባንጆ ነው፤ አሥረኛው ያለ ምንም መሣሪያ፣ የእሷ ድምፅ ብቻ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዜማ። ስድስት መስመር ናት። አምስተኛዋን ስትቀዳ ታልማጅ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ቆይ፣ ቆይ። ‹በጨርቅ አሰርኩት› ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«አሽታቹን? በጨርቅ?»

«ምነው፣ አንተ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተህ የለ እንዴ? በጨርቅ አይሆንም?»

«በጨርቅም፣ በላስቲክም፣ በሽቦም፣ በማስቲካ ወረቀትም ሲያስተኙት አይቻለሁ። ፎርማን ሁሉ የየራሱ መላ አለው። እኔ የምልሽ፣ ሆባርት በምን እንዳሰረው አላውቅም ብለሽኝ አልነበር?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ስህተት ብትሆንስ? ሲዲው ላይ ታትሞ ሊቀር ነው እኮ!»

«ይቅር» አለች ኔቫ። «እኔ አላውቀውም። እሱ ግን ያውቀዋል።»

ታልማጅ ቀስ ብሎ ቫዮሊኑን አስቀመጠ። ነገሩ ሲገባው ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«አንቺ ልጅ» አለ፣ «አክስቴ ምን አጥብታ ነው ያሳደገችሽ?»

በኦክቶበር መጨረሻ ኔቫ ሆባርት ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥቁር ዋልነት የሚሉትን ጠንካራ ፍሬ በመዶሻ ይሰብራል። እጁ በቅርፊቱ እስከ አንጓው ጠቁሯል።

«ማነሽ?» አላት፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

«የኮምሶች ልጅ ነኝ። ኔቫ።»

«አሃ፣ ዘፋኟ! ነይ፣ ነይ ተቀመጪ የኔ ልጅ። ዋልነት ቅመሺ። ጥርስሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ከእኔ ትሻያለሽ» ብሎ ሳቀ። «ምን እግር ጣለሽ?»

አዲስ አልበም እንዳወጣች፣ መጀመሪያ የምትዘፍነው እዚሁ እንደሆነ ነገረችው። በቁጥር ሦስት ላለቁት መታሰቢያ አንድ መዝሙር እሱ ቢያወርድላት ደስ እንደሚላት ነገረችው። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቤቷ መስተዋት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች።

«ጊታር አለ?» አላት።

«ለዚያች ሰዓት መሣሪያ ሁሉ መሬት ይቀመጣል፤ ቃሌ ነው። ሌላውን ዘፈን መስማት ካልፈለጉ ውጭ መቆየት ይችላሉ። ወንበርዎ ግን ከፊት ነው።»

«ከፊት?»

«መካከል ላይ። አርባ ዓመት ያወረደ ሰው ከኋላ ይቀመጣል እንዴ?»

ሆባርት ዋልነቱን አየ። ደስ እንዳለው ከጆሮው ያስታውቃል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ይቀርጹታል?» አለ ቀስ ብሎ። «ማለቴ… እኔ አልጠላም ብዬ ሳይሆን፣ እነዚህ ልጆች መስመር ማውረድ ጠፍቶባቸዋል። እንዲማሩበት ብዬ ነው።»

«ይቀረጻል ወንድም ሆባርት። እያንዳንዷ ቃል።»

«እሺ። እመጣለሁ እንግዲህ።» አንድ ዋልነት ሰበረ። «ወንድምሽ ጥሩ ልጅ ነበር» አላት ከዚያ፣ ፍሬውን ከቅርፊቱ እየለየ።

ኔቫ መዶሻውን ተመለከተች። ከዚያ ተነሥታ እጁን ጨበጠችው፤ ቤቷ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ የዋልነቱ ጥቁረት ግን ሳምንት ቆየባት።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ የመጀመሪያው ሰዓት እንደማንኛውም ትርኢት አለፈ። ሆባርት ውጭ አልቆየም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትራሱ ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን እንዳልሰማ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰዓቱን ገፋ። ኔቫ ስለ እናቷ ዘፈነች፤ ሎሪን ሁለት ሥራ እየሠራች ልጆቿን ስላሳደገችበት ዘመን ዘፈነች። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዱ ከኋላ «ታልማጅ፣ ቫዮሊኑን አታስለቅሰው፣ ምን አደረገህ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ኔቫ ጊታሯን ሣጥኑ ላይ አጋደመች። ታልማጅ ቫዮሊኑን፣ ባንጆ ተጫዋቹም ባንጆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ ሳል ብቻ ቀረ።

«ወንድም ሆባርት» አለች ኔቫ። «እባክዎ።»

ሆባርት ተነሣ። ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዐይኑን ጨፈነ። አንድ አሮጌ መዝሙር አወረደ። ሦስት መቶው ሰው ተቀበለው። ዝግተኛው ድምፅ ከመቀመጫው ሥር ተነሥቶ ጣሪያውን ሞላው፤ የቅርጫት ኳሱ ሰሌዳ መስተዋት ሳይቀር ነዘረ። ሲጨርስ ጉንጩ በእንባ ርሶ ነበር። የሚያሳፍረው ነገር፣ ኔቫም ተቀብላዋለች። አፏ አልታዘዛትም። እንዲያውም በዚህ ተጽናናች፤ የእሷ አፍ እንዲህ ካደረገ የእሱ ይብሳል።

«አሁን ደግሞ እኔ ላውርድ» አለች። «ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ብሳሳት ያርሙኝ፣ ወንድም ሆባርት።»

«አይቀርልሽም!» አለች አንዲት ሴትዮ ከመካከል፤ ሰዉ ሳቀ። ሆባርትም እየሳቀ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ መልሶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቃትን አወረደች፦

*ከወንዙ ማዶ ብርሃን ይታየኛል፣*

ሰዉ ተቀበለ። ሁለተኛውን ስታወርድ አውቃ ሳተች፦

*የአባቴ ጀልባ ቀድሞኝ ተሻግሯል።*

ገና ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ከፊተኛው ረድፍ የሆባርት ድምፅ ወጣ፤ ዐይኑ ተጨፍኗል፤ «*የእናቴ ጀልባ…*»። ሰዉም «የእናቴ» ብሎ ተቀበለ። መስመሩ ሲያልቅ ሳቅ ሆነ፤ ሆባርት ዐይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ኔቫ አልሳቀችም። ትንፋሿን ሳበች። በዚያው ዜማ፣ ሳታቋርጥ፣ አሥረኛውን ዘፈን ጀመረች፦

*እኔ ኃጢአተኛ በማለዳ ወጣሁ፣*

በዚያ ቤት መዝሙር ሁሉ «እኔ ኃጢአተኛ» እያለ ነው የሚጀምረው። ሦስት መቶው ሰው ምንም ሳይጠረጥር ተቀበለ። ሆባርትም ተቀበለ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር።

*ወንድሞቼን ይዤ ከተራራው ሥር ገባሁ።*

ተቀበሉ። ከኋላ በኩል፣ የድሮ ቆፋሪዎች ከቆሙበት፣ ድምፁ ትንሽ ሳሳ።

*ጠባቂ ተሰጠኝ ክፉውን የሚያሸት፣*

ቆፋሪዎቹ ዝም አሉ። ሴቶቹ ገና እየዘመሩ ነው። ሎሪን ኬኩ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ቢላዋ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ኔቫ ከሆባርት ፊት ዐይኗን አልነቀለችም። የዐይኑ ቆብ ጠበቅ አለ፤ ከንፈሩ ግን አልቆመም።

*ጮኸብኝ ጠባቂው፣ ዝም በል አልኩት።*

አሁን የሚቀበለው እኩሌታው ነው። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ፣ ልማድ የበረታባቸው። ሆባርትም ከእነሱ ጋር፣ ድምፁ እንደ ጉንፋን ታማሚ እየተሰነጠቀ። ዝም ቢል ኔቫ ምን ታደርጋለች? ዝም ካለ ሥራዋ ሁሉ አንድ ዘፈን ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም ተነሥቶ ኬክ ይበላል፤ ነገ ደግሞ መስመር ያወርዳል። አምስተኛውን አወረደች፣ እያንዳንዷን ቃል ለየብቻ፦

*በጨርቅ አሰርኩት፣ በቀኝ እጄ አሰርኩት፣*

አንድ ትንፋሽ ያህል ማንም አልተቀበለም።

ከዚያ ሆባርት አረማት።

«*በጊታር ክር አሰርኩት*» አለ፣ ዐይኑ እንደ ተጨፈነ፣ በዜማው፣ በዚያ አርባ ዓመት በሚያርምበት ድምፅ። «*በቀኝ እጄ አሰርኩት…*»

ከኋላውም ሠላሳ የሚሆኑ ያረጁ ድምፆች፣ እሱ ሲያርም መከተል ስለለመዱ ብቻ፣ ተቀበሉት፦ *በጊታር ክር አሰርኩት*። መስመሩን እስከ መካከል ጎተቱት። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ምን እያሉ እንደሆነ እየገባቸው ተቋረጡ። የመጨረሻዋ ድምፅ የአንዲት አሮጊት ነበረች፤ «ጌታ ሆይ» ብላ ቆመች።

ልማድ ይሁን፣ ወይስ አሥራ አራት ዓመት ውስጡ ሲመላለስ የኖረ ነገር መውጫ አግኝቶ፣ ኔቫ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሆባርት ዐይኑን ገለጠ።

«ምን አልኩ?» ብሎ ጎኑ ያለውን ሽማግሌ ጠየቀ። ሽማግሌው ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ወዲያ ገፋ።

ኔቫ ለዚህች ደቂቃ ንግግር አዘጋጅታ ነበር። የመጣላት ግን ዴልማር ነው፣ የበቆሎ ዳቦ በእጁ ይዞ፤ *አንቺማ ስትሰሚ ትስቂያለሽ*። ዞር ብላ ተንበረከከች፤ የጊታሯን ሣጥን ከፈተች፤ እሽጉን አወጣች። ጠርዙ ላይ የከሰል ጣት አሻራ እስከ ዛሬ አለ።

«ሎሪን» ብላ ጠራች። «ይህን ታውቂዋለሽ?»

«ከምሳ ዕቃው የወጣው ነው» አለች ሎሪን። «እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። አንዱ የለውም።» ይህን ስትል ራሷን ሰማች፤ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ኔቫ ከመድረኩ ወርዳ ሆባርት ፊት ቆመች። አዳራሹ ውስጥ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ቀጭኗን ነው የወሰዱት» አለችው።

«ኔቫ፣ ስሚኝ የኔ ልጅ። ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው ይቆም ነበር። ከላይ ይደውሉብኛል። ሽቦ አልነበረም፤ ልጁ ራሱ ነው እየሳቀ ያቀበለኝ፤ በእግዜር ስም፣ ዴልማር ራሱ…»

«አቀብለኝ ያለው ማን ነው?»

ሆባርት ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ፎርማኑ ማን ነበር?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላ፣ ከቆፋሪዎቹ መካከል።

«እኔ» አለ ሆባርት።

«ጋዝ እንዳለ እያወቀ ስልክ ልደውል ብሎ የወጣውስ?» አለች ኔቫ።

«ጋዙ ይሄን ያህል… አላወቅኩም ነበር።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ የወጣሁት።»

ኔቫ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሣችና ገለበጠችው፤ እሽጉን ውስጡ አስቀመጠች፤ መልሳ ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። በዝግታ፣ እንደ አስታማሚ ነበር ያደረገችው።

«አምስት ተርፎልሃል» አለችው። «ያዘው። አንድ ቀን ሌላ የምታስተኛው ነገር አይጠፋም።»

«እርስዎ» ማለት የቀረው እዚያ ላይ ነው። ማንም አልነቀፋትም።

«አንድ መስመር ይቀራል» አለች ከዚያ፣ ወደ መድረኩ እየተመለሰች። «ታወርደዋለህ ወይስ ላውርደው?»

ሆባርት ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ። የሚደግፈው አላገኘም። በሦስተኛው ተነሣ፤ ኮፍያውን እንደ ሙሉ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ኔቫም ስድስተኛውን አወረደች፦

*ወንድሞቼን ትቼ ወደ ብርሃን ወጣሁ።*

አሁን ሁሉም ተቀበለ። ቆፋሪዎቹ ቀድመው፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ለኬክ የመጡት ሳይቀሩ። ያ ዜማ ዝግ ያለ ነው፤ አንዲት መስመር ለማለቅ ብዙ ጊዜ ትወስዳለች። ከፊተኛው ረድፍ እስከ በሩ ድረስ ሆባርት እየተራመደ፣ መስመሯ በግራና በቀኙ እየተጎተተች አብራው ሄደች። በሩን ሲከፍት የከሰዓቱ ፀሐይ ገባ። ወጣ። በሩ ሲዘጋ መስመሯም አለቀች።

ታልማጅ ቫዮሊኑን ከመሬት አነሣ፤ ግን አልተጫወተም።

«ሳቅሽ?» አላት በሹክሹክታ፤ የዴልማርን የመጨረሻ ቃል ያውቀዋል።

«አልሳቅሁም» አለች ኔቫ። «ገና ነኝ። ነገ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄደችም። በማግሥቱ ጠዋት ከታልማጅ ጋር ለሌላ ትርኢት ወደ ኖክስቪል ከተማ መንገድ ላይ ነበሩ፤ የሆነውን በስልክ የነገረቻት ሎሪን ናት። ሆባርት በሰዓቱ መጥቶ የወትሮ ቦታው ተቀመጠ። ሰባኪው ሲያበቃ ተነሣ፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዐይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን መስመር አወረደ። ማንም አልተቀበለውም።